ብሩሹን የያዘው ሰው

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ አይነገርም። በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ፣ ለታመመ፣ እህል ላልቀመሰ ሰው በድንገት አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይኬዳል፣ በር ይንኳኳል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አፉን ባይከፍት እንኳ ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ብዛት ራሱ ይናገራል። የእናቴን ሞት የሰማሁት እንደዚያ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ከሃቫና መንገድ ገባ ብላ ባለች አፓርታማ ስኖር፣ ለሥራ ልወጣ በሩን ብከፍት አሥራ አንድ ሰው ቆሟል።

ቆይቶ እንደገባኝ አሥራ አንዱም ከዘጠኝ ቀን በፊት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በመሀል አንድ ክርስትና ነበረ፤ እኔ እስክስታ ስወርድ እነሱ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ያን ሳስብ አልተናደድኩም። እኔን ላለመስበር ሲሉ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሆዳቸውን ሲበላቸው የከረሙ ሰዎች አሉኝ ብዬ እንዲያውም አለቀስኩ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ግን ነገሩ እስከ ዛሬ አይዋጥላትም። «ማሚ፣ ኤቭሪባዲ ኒው፣ ዳንስ ስታደርጊ እያዩሽ! ዛት ኢዝ ሶ ክሪፒ፣ ያስፈራል» ትለኛለች። አንቺ ምን ታውቂያለሽ እላለሁ በሆዴ።

እንግዲህ እንዲህ በምመካበት ሙያ ነው የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ያበላሸሁት።

ሌላም የምመካበት ነገር ነበረኝ። አገር ቤት ሳለሁ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ምስክር ያለቅሳል፣ ይዋሻል፣ ይምላል፤ እኔ የተባለውን እጽፋለሁ። አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ ተከሶ ቀርቦ የተፈረደበትን ቃል የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ማታ እናቱ ቤት ሄጄ አብሬ አለቀስኩ፣ ጠዋት ግን መዝገቡ ላይ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። አሜሪካ ስገባ ያ ሙያ ለማንም አልረባ አለ። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ መንከባከብ ጀመርኩ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ ሊትልተን ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ፕሮፌሰር ላከኝ። ከምኖርበት ከሞንትቤሎ ተነስቼ በ225 አውራ ጎዳና ቁልቁል ወርጄ፣ ሃያ አምስት ቁጥርን ተሻግሬ፣ ትራፊኩ ደግ ከሆነልኝ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደጃፋቸው ፓርክ አደርጋለሁ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የተወለዱት ቻይና ነው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ሴት ልጃቸው ቶርንተን ትኖራለች፣ እሁድ እሁድ ትመጣለች። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ትልቁም ትንሹም «ዩ» ነው። እኔ ግን በልቤ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

የዓይናቸው መሀል ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ብቻ ያያሉ፤ ስለዚህ ፊቴን ማየት ሲፈልጉ ጆሮዬን ነበር የሚመለከቱት። እጃቸው ደግሞ ይንቀጠቀጣል። መሥሪያ ቤቱ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት ማስታወስ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፕሮፌሰሩ ጆሮዬን ትክ ብለው እያዩ፣ «የምነግርሽን መጻፍ ትችያለሽ?» አሉኝ።

ብሎ ጥያቄ! እኔን!

የሚጻፈው ደብዳቤ ነበር፤ የሚጻፍላቸው ደግሞ ቤልጂግ ያሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ። ሁለቱ በጎልማሳነታቸው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገናኝተው ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲጻጻፉ ኖረዋል። ቄሱ ጆሯቸው ስለደነቆረ ስልክ አይሆንም፤ ኮምፒውተር ደግሞ አጠገባቸው አይደርስም። ያላቸው ወረቀት ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ይናገራሉ፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥቡን ሳይቀር በቃላቸው ይነግሩኛል፣ የማላውቀውን ቃል ፊደል በፊደል ይቆጥሩልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። መልሱ ሲመጣ ደግሞ ከፍቼ አነባለሁ።

የሚጻጻፉበት ጉዳይ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ያለ ነው። የአውሮፓ ቄሶች ቻይና ገብተው ከአገሩ ሊቃውንት ጋር መጻሕፍት ይተረጉሙ በነበረበት ዘመን። አሠራሩን ፕሮፌሰሩ ሲያስረዱኝ፣ «ቄሱ ቻይንኛ ቢናገርም ሊቅ እንደሚጽፈው አድርጎ አይጽፍም። ሊቁ ደግሞ የቄሱን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ መጽሐፉን እያየ በአፉ ይናገራል፤ ሌላው እየሰማ በብሩሽ ያሰፍራል። የመስመርና የማዕዘን ትምህርት፣ የከዋክብት ቆጠራ፣ ካርታው፣ ጸሎቱ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ተሻገረ» አሉኝ።

«የእኔ ሥራ ነዋ!» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የተለየ መከባበር በመካከላችን ገባ።

ከሁሉም የሚወዱት አንድ ገጽ ነበር። ፎቶውን አስነስተው ጠረጴዛቸው ላይ አኑረውታል፤ ከነሸረሪት ድሩ የቆየ ወረቀት ይመስላል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ስሙን አልተወም። የዚያ ዘመኑ ቄስ ያነበበለት መጽሐፍ ግን ተገኝቷል፤ እዚያ ላይ ያለው ነገር ቁርጥ ያለ ነው። ቃሉ ሳይደርሳቸው የሞቱት የቀደሙ አባቶች ጠፍተዋል፣ ተስፋ የላቸውም ይላል። ጸሐፊው በብሩሹ ያሰፈረው ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን የት እንዳሉ ሰማይ ያውቃል ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ሐሳብ አልፏል።

የሃምሳ ዓመቱ ክርክር ይኸው ነው። ቤልጂግ ያሉት ቄስ፣ ጸሐፊው አልገባውም፣ የፈረንጁ ቻይንኛ ደካማ ስለነበር የሰማው ተምታቶበት ነው ይላሉ። የእኔው ሽማግሌ ደግሞ፣ በደንብ ገብቶታል፤ ገብቶት ነው እንቢ ያለው፣ አባቱን በገዛ እጁ ገደል አልጨምርም ብሎ ነው ይላሉ።

መጀመሪያ ላይ ሥራ የፈቱ ሰዎች ክርክር ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብኩ፣ «ሰውየው ከሞተ አራት መቶ ዓመቱ፤ ገባው አልገባው አሁን ለማን ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እግራቸውን ከውሃው አውጥተው ነገሩኝ።

አሥር ዓመት ሲሆናቸው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። አስተማሪው ዲክቴሽን ያጽፋቸዋል። አንድ ቀን ያስጻፋቸው ያንኑ ነው፤ ያልተጠመቁ አባቶች ጠፍተዋል የሚለውን። ልጁ ሳያቅማማ፣ በሚያምር እጅ ጻፈው፤ ከክፍሉ አንደኛ ተባለ። አባቱ ያልተጠመቀ፣ ብሩሽ አያያዝ ያስተማረው ሰው ነው። ማታ ደብተሩን ወስዶ አየው። አልተቆጣም። «ጽሑፍህ አምሯል» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ የልጁን ደብተር ገልጦ አላየም።

«እኔ ጽፌዋለሁ» አሉኝ ፕሮፌሰሩ። «ያልጻፈ አንድ ሰው መኖሩን ማወቅ አለብኝ።»

ከዚያ በኋላ አልቀለድኩም።

ስለዚያ ጸሐፊ ሌላም ነገር አለ፤ ብናገር የሚያምነኝ ስለማላገኝ ለብዙ ሰው አልነገርኩም። ፕሮፌሰሩ ያዩት ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ተራሮቹ ስታዘነብል፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ረጅም ቀሚስ የለበሰ ሰው ተቀምጦ ያያሉ። አይናገርም። ብሩሽ ይዟል፤ ግን አይጽፍም፣ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አማተብኩ፤ በማግስቱም ጸበል በጠርሙስ ይዤ ሄጄ ያን ጥግ ረጨሁት። ሐኪማቸው ግን አስረዳኝ። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይደርሳል አለ፤ ዓይን ያጣውን አእምሮ ይሞላዋል እንጂ የአእምሮ ሕመም አይደለም። ፕሮፌሰሩም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። «የዓይኔ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ» ይላሉ፤ ብለው ግን ወንበር እንዳላስጠጋበት ይለምኑኛል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሳላውቀው ጎንበስ እል ነበር፤ ሰው ባለበት እንደሚታለፈው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ገጽ ከነማብራሪያው የሚያትምላቸው አዘጋጅ አውሮፓ ውስጥ አገኙ። በገጹ ግርጌ አጭር ማስታወሻ ይገባል። አዘጋጁ ታዲያ ሁለት ሐሳብ አይሆንም፣ ተስማሙና አንድ ነገር ጻፉ አላቸው። ቄሱ ረቂቁን ላኩ፤ «አልገባውም» ይላል። ሳነብላቸው ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ደም ለበሰ። ወዲያው አስጻፉኝ። ያ ቃል ካልወጣ የእኔ ስም ይውጣ፤ ሃምሳ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ አንተም እንደዚያ አስተማሪ ነህ የሚል ደብዳቤ ነው። እጄ ከብዶኝ ጻፍኩ፣ አሸግኩ፣ ፖስታ ቤት አደረስኩ።

መልስ ጠፋ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ልጃቸው በዚህ መሀል ለሥራ ወደ እስያ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት ትቆያለች። በየቀኑ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ «ፖስታ አለ?» ይሉኛል። «የለም» እላለሁ። እውነት ነበር፤ እስከ አንድ የሚያዝያ ማክሰኞ ድረስ።

ያን ቀን በረዶ ጥሎ ነበር፤ እዚህ አገር ፀደይ ገባ ሲሉት ነው የሚብሰው። ፖስታ ሳጥኑ ጋ ደርሼ ደብዳቤውን አወጣሁ። ከቤልጂግ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የቄሱ አይደለም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ከፈትኩት። ቄሱ የሚኖሩበት ቤት ኃላፊ ነው የጻፈው። አርፈዋል። ጠረጴዛቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያገኟቸው። ቀኑን ቆጠርኩ፤ እኛ ያን የቁጣ ደብዳቤ ከላክን በስምንተኛው ቀን ነው። ደርሷቸው ይሁን ሳይደርሳቸው አይልም።

ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። በረዶው መስታወቱን ሸፈነው። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኝህን ሽማግሌ ብቻቸውን፣ በዚህ ባዶ ቤት፣ እኔ የተቀጠርኩ ሰው ቆሜ ላረዳቸው? ዘመድ የለ፣ ልጅ የለች። ለልጃቸው ደውዬ እንዳልነግራት እሷም ባዕድ አገር ብቻዋን ናት፣ በስልክ ደግሞ አይነገርም። ስትመለስ ማልደን እንነግራቸዋለን፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ደብዳቤውን ዳሽቦርዱ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ገባሁ።

«ፖስታ አለ?»

«የለም።»

ማታ ለልጄ ነገርኳት። እራት እየበላች ነበር፤ ሹካዋን አስቀመጠች። «ማሚ፣ ኖ። ዩ ሃቭ ቱ ቴል ሂም። ሂ ኢዝ ዌይቲንግ!»

«ልጃቸው እስክትመጣ ነው እኮ።»

«ኢትስ ኖት ዩር ኒውስ ቱ ኪፕ» አለችኝ፤ መርዶው የአንቺ አይደለም፣ ይዘሽ ልታስቀሪው አትችይም ማለቷ ነው።

እኔም በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ ስለ ሞት ምን ታውቃለች ብዬ ሳህኗን አነሳሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ያን ሳህን ያነሳሁበትን እጄን ማየት ያስጠላኛል።

ፕሮፌሰሩ መብላት እየተዉ ሄዱ። «አስቀይሜዋለሁ» ይላሉ። «እንደዚያ አስተማሪ ነህ ማለቴ ነው የጎዳው። እንዲህ ዝም ብሎኝ አያውቅም።» እኔ ሾርባውን በማንኪያ ይዤ፣ ይመጣል፣ ፖስታ ይዘገያል፣ በረዶው ነው እላለሁ። ውሸት መጀመሪያ ላይ ያንቃል፤ በአራተኛው ቀን ግን እንደ ምራቅ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ የዳሽቦርዱ መክፈቻ ላይ እጄን አሳርፌ መልሻለሁ። የሞቱት ቄስ ደግሞ ቤቱን ይዘውታል። ወጥ ቤት ቆሜ ሽማግሌው ስማቸውን ሲያነሱ፣ ለአንድ ሕያው ሰው እንደሚናገሩ ሲናገሩ፣ እንዳልሰማ የውሃ ቧንቧውን እከፍታለሁ። በክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በአሥረኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ሁለት ደብዳቤ ነው፤ አንዱ ለቄሱ፣ አንዱ ለአዘጋጁ። ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

ለቄሱ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ፣ «አንተ ልክ ነህ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ጸሐፊው አልገባውም ነበር፣ አራት ነጥብ» አሉ።

ብዕሬ ቆመ።

«ጻፍሽ?»

«ፕሮፌሰር፣ እርግጠኛ ነዎት? ሃምሳ ዓመት…»

«ሰው ከሚቀርብኝ ቃል ይቅርብኝ» አሉ።

እኛ አገር የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባለው። እኝህ ሰውዬ ተቃራኒውን መረጡ፤ ለወዳጅ ሲሉ። ወዳጁ ደግሞ አፈር ከገባ አንድ ወር ሊሞላው ነው፣ እኔ ደግሞ አውቃለሁ። አፌን መክፈት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን አሁን ብነግራቸው፣ አሥር ቀን ዋሽተሽኛል ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ልጃቸው ልትመጣ አራት ቀን ብቻ ቀርቷል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ያች የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የተባለውን ጻፊ፣ የራስሽን አትጨምሪ የምትለው። ጻፍኩ። አልገባውም ነበር፣ አራት ነጥብ። ለአዘጋጁ፣ በቄሱ ቃል ይታተም የሚለውን ሁለተኛውንም ጻፍኩ። ፊደሌ እንኳ አልተዛነፈም።

ለቄሱ የተጻፈውን የት ልላከው? ከሞት ማስታወቂያው ጋር ቆለፍኩበት። የአዘጋጁን ግን ላክሁት። እሱ ሕያው ነው፣ አድራሻ አለው፤ እኔ የሰው ሰነድ አፍኜ አላውቅም ብዬ። የመርዶ ደብዳቤ አፍኜ እንደያዝኩ ነው እንዲህ ያልኩት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኟ ለቅቄ ወረቀቱ ያዘው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ብዙ ቆዩ። ዳር ዳሩን እያዩ፣ አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ እያሉ።

«ዛሬ አልመጣም» አሉ።

«ደክሞዎት ይሆናል።»

«አልመጣም» አሉ እንደገና። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ልጃቸው እንደተመለሰች አገኘኋትና ነገርኳት። «ለምን ያን ዕለት አልደወልሽልኝም?» አለችኝ። ስለ ባህላችን አስረዳኋት፤ ጨዋ ሴት ናትና ሰማችኝ፣ ግን ግራ እንደገባት ያስታውቃል። ቅዳሜ ማለዳ ሄድን። ዘመድ ስለሌላቸው ሁለት የማኅበር እህቶቼን ለምኜ ይዤ ሄድኩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከሞንትቤሎ ድረስ መጡልኝ። ሽማግሌውን አይተዋቸው አያውቁም፤ ሟቹንማ ጭራሽ። ገና ሳሎን ገብተው ሲቀመጡ ግን አንደኛዋ እንባዋ ወረደ፤ የራሷን ሰው አስታውሳ ነው።

ፕሮፌሰሩ ነጩን ልብስ በዓይናቸው ዳር ሲያዩ ደነገጡ። «እነዚህ ነጭ የለበሱት እውነተኛ ናቸው ወይስ የዓይኔ ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እውነተኛ ናቸው» አልኳቸው። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነገረቻቸው።

አላለቀሱም። ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። እህቶቼ እግዜር ያጽናዎት አሉ በአማርኛ፤ ምን እንዳሉ የገባቸው ይመስል ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። ሻይ ፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፤ ቀመሱ። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ያለኝ ቅጽበት ነበረች። እንዲህ ነው የሚነገረው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ፣ «መቼ ነው የሞተው?» አሉ።

ልጃቸው ቀኑን ነገረቻቸው። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲቆጥር አየሁት። አንዴ ቆጠሩ፤ ደገሙት። ልጃቸው እህቶቼን ልትሸኝ ስትወጣ ወደ ጆሮዬ ዞሩ።

«ደብዳቤው መቼ መጣ?»

ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ያን ያስጻፍኩሽ ቀን ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«አልገባውም ነበር ስል፣ ለሞተ ሰው እንደምናገር ታውቂ ነበር።»

«አዎ ፕሮፌሰር። አፈር ልሁን። ልጅዎ እስክትመጣ ብዬ ነው። በእኛ ዘንድ…»

«ጻፍሽው።»

«የተባልኩትን ጻፍኩ» አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ይቺው ናት መልሴ።

ቁጣ ብጠብቅ አልተቆጡም። ወደ መደርደሪያው ጥግ ዞረው፣ ለስለስ ባለ፣ እኔን ሊጎዳ ባልፈለገ ድምፅ፣ «እሱ ግን አልጻፈውም» አሉ።

እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው። ለአዘጋጁ ዛሬውኑ ልጻፍ፣ ይሻሩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ አልኩ። እምቢ አሉ። ወዳጄ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት አልከራከርም፣ ለሞተ ሰው የሰጠሁትን አልነጥቅም አሉ። ልጃቸውም ለመነቻቸው፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ አላባረሩኝም፤ አጥቤያቸዋለሁ፣ አብልቻቸዋለሁ፣ አንዳንዴም ቀልደናል። ግን አንዲት መስመር አላስጻፉኝም። የሐኪም ቀጠሮ እንኳ ሲሆን ልጃቸውን ነው ጻፊልኝ የሚሉት። በመጸው፣ ቅጠል ሲረግፍ አረፉ፤ እኔ የሰማሁት ያኔውኑ በስልክ ነው፣ መንገድ ላይ፣ መኪና እየነዳሁ፤ ልጃቸው አልዘገየችም።

መጽሐፉ የወጣው በዓመቱ ነው። ልጃቸው አንድ ቅጂ ሰጠችኝ። ገጹን አገኘሁት፤ ግርጌው ላይ ማስታወሻው አለ፤ ሁለት ሊቃውንት ከረጅም ክርክር በኋላ ተስማምተዋል፣ ጸሐፊው የተነገረው አልገባውም ይላል። አዘጋጁ በመግቢያው ላይ፣ ፕሮፌሰሩ ለሟች ወዳጃቸው ክብር ሲሉ ያደረጉት ነው ብሎ አመስግኗቸዋል። እንዴት ያለ ክብር!

ሞንትቤሎ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ለአዘጋጁ ጻፍኩ። በሕይወቴ ማንም ሳያስጻፈኝ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሰነድ ነው። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ቀኑን፣ ዳሽቦርዱን፣ ሾርባውን ሳይቀር። ስጽፍ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ደህና ነው፣ ሐኪም አሳይቻለሁ፤ ዞሬ ባይ ማንም የለም፤ ብዕሩን ሳነሳ ግን ይመለሳል። ዛሬም ይኸው አለ። አዘጋጁ በትሕትና መለሰልኝ። አዝናለሁ፣ የደራሲውን ሐሳብ መለወጥ የሚችለው ደራሲው ብቻ ነው አለኝ።

ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ ያ ሰው ዛሬም ያልገባው ሰው ነው። እኔ ግን ገብቶኝ ነው የጻፍኩት።